በማጠቢያ ማሽኑ ፊት የተነጠፈው ምንጣፍ

ግዌን ኦልድሮይድ ሰው ቤት ስትገባ እንደ ሌሎቹ የኤሌክትሪክ መርማሪዎች በቀጥታ ወደ ፊውዝ ሳጥኑ አትሄድም። ኩሽና ትገባለች፣ ሳትጋበዝ ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ ከዚያ «እዚህ ቤት የማትነኩት ነገር ምንድነው?» ብላ ትጠይቃለች።

ሰው ግራ ይገባዋል። «እንዴት የማንነካው?»

«ልጆቹን ‹እሱን ተዉት› የምትሏቸው። በክርናችሁ የምታጠፉት። በመጥረጊያ እንጨት የምትገፉት።»

ያኔ ሰው ይስቅና ይናገራል። ሲበራ የሚንጫጫ ማብሪያ አለ፣ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚጠፋ የጓሮ መብራት አለ። ግዌን ሽቦ ሳትነካ ግማሽ ሥራዋን የምትጨርሰው እንዲህ ነው። ዱስበሪ ከተማ ውስጥ እሷ ያላየችው ምድር ቤት ያለ አይመስለኝም፤ ያልተቆጣችበት ቤትም እንደዚሁ። ድሮ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሽመና ላይ ነበረች። ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ሠላሳውን አልፋ፣ ጢማቸው ገና ካልበቀለ ልጆች መሃል ተቀምጣ ይህን ሙያ ተማረች። ልጆቹ «እማዬ» እያሉ ያሾፉባት ነበር። ዛሬ ከእነሱ ግማሾቹ ሲቸግራቸው ስልክ የሚደውሉት ለእሷ ነው፤ እሷም መጀመሪያ ትሰድባቸዋለች፣ ቀጥላ ትነግራቸዋለች።

እዚህ አገር ቤት የሚያከራይ ሰው የኤሌክትሪክ መስመሩን በየአምስት ዓመቱ ማስመርመር አለበት። መርማሪው ለሚያገኘው ጉድለት ቁጥር ይሰጣል። አንድ ማለት አደጋው አሁን አለ፣ ዛሬውኑ ይወገድ። ሁለት ማለት አደጋ ሊያመጣ ይችላል፣ በቶሎ ይጠገን። ሦስት ማለት ቢሻሻል ጥሩ ነው፣ ባይሻሻልም ቤቱ ያልፋል። አንድ ወይም ሁለት ያለበት ቤት ወደቀ ይባላል። ሕጉ ይኸው ነው፤ ልጅም ይገባዋል። ከባዱ ለየጉድለቱ የትኛው ቁጥር እንደሚገባ መለየቱ ነው፤ እሱን ደግሞ ወረቀት አያስተምርም፣ ዓይንና ኅሊና ያለው ሰው ይጠይቃል። ዛሬ ግን ጥቂት ሳምንት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ መርማሪ ሆኗል። አንዱ መኪናው ውስጥ ሻይ እየጠጣ ቤቱን ሁሉ ያሳልፋል፤ ሌላው ያየውን ሁሉ ሁለት ብሎ ይጥላል፣ ከዚያ ጥገናውን ራሱ ይሸጣል። ግዌን «ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ቤቱን አላዩትም» ትላለች። እውነቷን ነው! ስንት ጊዜ ነው ይህን የምንናገረው?

አሁን የእማማ አይቪን ነገር ልንገራችሁ።

አይቪ ስተብስ ከእኔ ጎን ያለው ቤት ውስጥ ይኖራሉ፤ ዋልተር የሚባሉትን ባላቸውን አግብተው ከገቡ ጀምሮ ከዚያ ቤት ወጥተው አያውቁም። ዋልተር የአውቶቡስ ጋራዥ ኤሌክትሪሺያን ነበሩ፤ ሞተዋል። ቤቱ የኪራይ ነው። ሽማግሌው አከራይ ሲሞት ልጁ ራስል ፔት ወረሰው፤ ራስል ደግሞ ቤቱን ባዶውን መሸጥ ፈለገ። አሮጊት ያለችበት ቤት ዋጋ አያወጣም አሉት መሰለኝ። እናም ካልም የሚባል ወጣት መርማሪ ላከ። ካልም ምድጃ ላይ የተጣደ ውሃ ሳይፈላ ምርመራውን ጨርሶ ወጣ። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ነው። ከኋላው የራስል ደብዳቤ መጣ፦ የቤቱ ሽቦ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት፤ ለሥራው ሲባል ተከራይዋ ለጊዜው ይልቀቁ። «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል መንገዳችን ላይ የማያውቃት የለም። ለጊዜው የወጣ ሰው ተመልሶ ሲገባ አይተን አናውቅም።

እማማ አይቪ የካፖርታቸውን ቁልፍ አዛንፈው ቆልፈው፣ ወረቀቱን ይዘው በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ይኼ ቤቴን ነው የሚለው?»

እኔም ለግዌን ደወልኩላት። በማግስቱ መጣች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ያንኑ ጥያቄዋን ጠየቀች።

«እማማ አይቪ፣ እዚህ ቤት የማይነኩት ነገር ምንድነው?»

«ምንም የለም» አሉ ቶሎ ብለው። «ሁሉንም እነካለሁ። ዋልተር የሠራው ቤት ነው።»

ግዌን አየት አደረገቻቸው። የካልምን ወረቀት አንስታ ቤቱን መዞር ጀመረች፤ እኔም ከኋላ ከኋላ።

«የፊውዝ ሳጥኑ ፕላስቲክ ነው፣ ሁለት» ብላ አነበበች። ሳጥኑን ከፈተች፣ እያንዳንዱን ብሎን አጠበቀች፣ አሸተተችው። «የተቃጠለ የለም፣ የላላ የለም። ፕላስቲክ መሆን ወንጀል ነው እንዴ? ቢበዛ ሦስት። ‹ሽቦዎቹ ቀይና ጥቁር ናቸው፣ ሁለት›። ኧረ በማርያም! የድሮ ቀለም ነው! ይኼ ልጅ የአያቱን ሹራብ ቢያይም ሁለት ይሰጠዋል!»

«ይኼስ?» አልኳት መተላለፊያው ላይ ያለችውን ሶኬት እያሳየሁ።

ጎንበስ ብላ አየች። የሶኬቷ ፊት ተሰንጥቋል። «ይህቺን እንኳ አግኝቷታል። ይህቺ ሁለት ናት፤ የሰውን ሐቅ አልበላም።» እዚያው ቆማ በአዲስ ቀየረቻትና ወደ ኩሽና ተመለሰች። እኔ በልቤ አለቀ፣ ዳንን ብዬ ነበር።

ግዌን ግን የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ፊት ቆማ ወለሉን ታያለች። የዚያ ቤት ኩሽና ወለሉ ድንጋይ ነው፣ ክረምት ከበጋ ያልበዋል። ድንጋዩ ላይ፣ ልክ ማሽኑ ፊት፣ አንድ የጎማ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ከሥሩ መምጠጫ መምጠጫ ያለው፣ ገላ መታጠቢያ ውስጥ እንዳያንሸራትት የሚደረገው ዓይነት።

«ይኼ የመታጠቢያ ቤት ምንጣፍ አይደለም እንዴ?»

«እግሬን ይበርደኛል» አሉ እማማ አይቪ።

«ስሊፐር አድርገዋል።»

«ይበርደኛል አልኩሽ እኮ።»

ግዌን ቀና ብላ የውሃ ቧንቧው ላይ የተንጠለጠለውን የላስቲክ ጓንት አየች። ድምጿን ቀነስ አደረገች፤ እሷ ድምጿን ስትቀንስ እኔ እፈራለሁ።

«ልብስ ሲያወጡ ጓንት ያደርጋሉ?»

አሮጊቷ ጓንቱን ከቧንቧው ላይ አንስተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ይነዝረኛል» አሉ በመጨረሻ። «ብዙ አይደለም። እንደ ጉንዳን ነው። ማሽኑ ሲሠራ ቧንቧው እንኳ ቆንጠጥ ያደርገኛል።»

«ቧንቧውም?! ለምን አልነገሩኝም? ያ ልጅ ሲመጣ ለምን አልነገሩትም?»

«ለማን ልናገር? ለሱ?» አሉ እማማ አይቪ፣ ቁጣቸው መጣ። «የሽቦ ቀለም አይቶ ቤቴን ሊያስለቅቀኝ ነው። ማሽኑ ይነዝረኛል ብለው ኖሮ ዛሬ የት ነበርኩ? አንቺስ ብትሆኚ ያው ወረቀት ትጽፊ የለ?»

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። በየደጃፉ ጅብ መጣ እያለ የሚጮህ ሰው ጉዳቱ ጆሮ ማደንቆሩ ብቻ አይደለም። ጅቡን ቤታቸው ውስጥ ያዩት ሰዎች አፋቸውን እንዲዘጉ ያደርጋል። እኚህ ሴት ሞትን በጎማ ምንጣፍ ሸፍነውት ይኖሩ ነበር፤ ያስፈራቸው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን መርማሪው ነው። ካልም ደግሞ ያንን ምንጣፍ ረግጦ ነው ያለፈው። ረግጦ!

ግዌን ማሽኑን ነቀለችና በሆዷ ተኝታ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ገባች። ባትሪ እያበራሁላት እኔም አየሁ። ከፊውዝ ሳጥኑ የመጣው የመሬት ሽቦ የውሃ ቱቦው ላይ በማሠሪያ ታስሯል። ጥብቅ ያለ ነው፤ ዋልተር ዝገት እንዳይነካው ቀለም ቀብተውታል።

«ቆንጆ ሥራ ነው» አለች። «በዚያ ዘመን ደንቡ ይኸው ነበር። ቱቦው ብረት ነው፣ መሬት ውስጥ ይገባል፣ የሾለከውን ኮረንቲ ሁሉ አፈር ውስጥ ይቀብረዋል።» ከዚያ ቱቦውን በእጇ እየተከተለች ወደታች ወረደች። ወለሉ ጋ ስትደርስ ቱቦው ሰማያዊ ሆነ። ፕላስቲክ። «ይኼን መቼ ቀየሩት?»

«የውሃ ሰዎቹ ናቸው፤ አሮጌው እርሳስ ነው፣ ይመርዛል ብለው» አሉ እማማ አይቪ። «ሁለት ክረምት ይሆነዋል።»

«መንዘሩስ መቼ ጀመረ?»

አሮጊቷ አሰቡ። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ግዌን ወጥታ ተቀመጠች። «ማሽኑ አልተበላሸም» አለችን። «ማሽን ሁሉ ትንሽ ያፈሳል፤ ያቺ ትንሽ በመሬት ሽቦው ወርዳ አፈር ትገባለች። አሁን መንገዱ ፕላስቲክ ላይ ተዘጋ። ስለዚህ ሽቦው የማሽኑን ኮረንቲ አምጥቶ ቧንቧው ላይ፣ ላይኛው ቤት ገንዳው ላይ፣ ብረት በሆነው ሁሉ ላይ ያከፋፍለዋል። ዛሬ ጉንዳን ነው። ነገ የማሽኑ ማሞቂያ ቢበሳ ግን ጓንቱም አያድን።»

እማማ አይቪን አየኋቸው፤ አንድ ፍሬ ልጅ አክለዋል። ግዌንን ወደ ጓሮ ሳብ አደረግኳት።

«ስሚ፣ የመጣሽው ልታድኛቸው ነው። ሦስት በይውና ነገ በጓሮ በር መጥተሽ ጠግኚው። ማን ያያል?»

«አንተ ደደብ ነህ?»

«ግዌን...»

«እሱ ጥሩውን ቤት መጥፎ ነው ብሎ ጻፈ፤ እኔ መጥፎውን ጥሩ ነው ብዬ ልጻፍ? በምን ተሻልኩት ታዲያ? እኔ ዛሬ ማታ ብሞትና ነገ ባልመጣ፣ ሴትዮዋን የገደልኳት እኔና አንተ ነን!» ወደ ውስጥ ተመለሰችና ወረቀቷ ላይ ጻፈች። «እንዲህ ያለው ጉድለት ብዙ ጊዜ ሁለት ይባላል። እዚህ ግን ሰው እየነዘረ ነው። አንድ ነው።»

እማማ አይቪ «አንድ» ስትል ሰምተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ዋልተር ነው ያሠረው» አሉ።

«ዋልተር አልተሳሳቱም፣ እናቴ። የውሃ ሰዎቹ ከእግራቸው ሥር መሬቱን ነው የወሰዱባቸው።»

ከዚያ ራሷ ለራስል ደወለችለት። ቅርብ ነው የሚኖረው፣ ወዲያው መጣ፣ ገና ከበሩ ፊቱ በርቷል።

«አንድ? ከሁለት የባሰ ማለት ነው እኮ! እኔ አላልኩም? ይኼ ቤት ሰው የሚኖርበት አይደለም። እማማ አይቪ፣ ይኸው ሰሙ፣ ለርስዎ ብዬ እኮ ነው...»

«ዝም በል» አለችው ግዌን።

«ምን አልሽ ሴትዮ?»

«አንድ ማለት ትልቅ ሥራ ማለት መሰለህ? አንድ ማለት ዛሬ ማለት ነው። ሥራው ደግሞ ትንሽ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፤ ጓሮ ውስጥ የመሬት ዘንግ መቅበር፣ ከሳጥኑ ፊት ኮረንቲ ሲሾልክ ራሱ የሚያጠፋ ብሬከር መግጠም። ዕቃው መኪናዬ ውስጥ አለ። ማንም አይወጣም። ሴትዮዋ እዚህ ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጣሉ።»

«የካልም ወረቀት ግን...»

«የካልምን ወረቀት አንድ በአንድ መልሼበታለሁ። ከሱ የቀረችው አንዲት ሶኬት ነበረች፣ ቀይሬያታለሁ። አሁን ምረጥ። ወይ ሥሪው በለኝ፤ ወይ ዋናውን መስመር አጥፍቼ፣ ሕጉ ግዴታህ ያደረገውን እንቢ አለ ብዬ አንተ እያየኸኝ ለማዘጋጃ ቤቱ እደውላለሁ። ሴትዮዋን ማስወጣት ከፈለግክ በራስህ አፍ ተናገር! ኤሌክትሪክ አታስመስለው!»

ራስል እኔን አየ፣ እማማ አይቪን አየ፣ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተ። በራሱ አፍ ለመናገር ድፍረት አላገኘም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ወረቀት የሚወዱት ለዚህ ነው።

«እሺ፣ ሥሪው» ብሎ በሩን ሳይዘጋ ወጣ።

ጓሮው ውስጥ ለስላሳ አፈር ያለው ዋልተር የተከሉት፣ ግንዱ ለኬክ የሚሆን ሩባርብ የሚባል ተክል ሥር ብቻ ነበር። እማማ አይቪ ቀያዩን ግንድ በሁለት እጃቸው ገለጥ አድርገው ይዘው፣ «ሥሩን እንዳትነኪብኝ፣ ለፋሲካ ኬክ ነው» እያሉ፣ ግዌን የመዳብ ዘንጉን በመዶሻ እየቀጠቀጠች አስገባችው። በየመዶሻው ምት ካልምን፣ ራስልን፣ የውሃ ሰዎቹን፣ እኔንም ጭምር ትሳደብ ነበር። ብሬከሩን ገጠመች፣ ለካች፣ ደግማ ለካች። ከዚያ ማሽኑን ሰክታ አስነሳችው።

«ይንኩት» አለቻቸው። «በባዶ እጅዎ።»

እማማ አይቪ በአንድ ጣት ነኩት። ከዚያ በመዳፋቸው። ከዚያ ሌላውን እጃቸውን ቧንቧው ላይ አደረጉ። እንደዚያ እንደያዙ ቆዩ፤ ማሽኑ ከመዳፋቸው ሥር ይዞራል።

ራስል ሌላ መንገድ ይፈልግ ይሆናል፤ አላውቅም። ካልምም ዛሬ የሌላ ሰው ምንጣፍ እየረገጠ ይሆናል። ይህኛው መንገድ ግን ተዘግቷል። የመጨረሻው ወረቀት ቤቱ አልፏል ይላል፤ እማማ አይቪም ቤታቸው ናቸው።

ግዌን ዕቃዋን ስትሰበስብ የጎማውን ምንጣፍ በእግሯ ጫፍ ገፋ አደረገችው። «ይኼንስ ልጣለው?»

«ኧረ አትጣይው!» አሉ እማማ አይቪ። «ወደ ላይ አውጪልኝ። እሱ ከወረደ ጀምሮ ስታጠብ ገንዳው ያንሸራትተኛል። ባለፈው እንኳ መጋረጃውን ባልይዝ ኖሮ ጭንቅላቴን እፈነከት ነበር።»

ግዌን መዶሻዋን አስቀመጠች። አየችኝ።

«ለዚህ ስንት ቁጥር ትሰጪዋለሽ?» አልኳት።

«አንተ ውጣ ከዚህ!» አለችና ምንጣፉን ብብቷ ሥር አድርጋ እያጉተመተመች ደረጃውን ወጣች።