ሽታዬና የሳጥኑ ሆድ ዕቃ

ማክሰኝት ውስጥ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን መዝገብ የምትይዝ ሽታዬ የምትባል ሴት አለች። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። ሥራ የጀመረችው በታይፕ ጸሐፊነት ነው። ጣቷ ፈጣን ነው፣ ዓይኗም ስሕተት አያልፈውም፤ ግን ፈሪ ናት። እሷም አትክደውም። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ በሐምሌ ዝናብ ከአክስቷ ጋር ዛፍ ሥር እንደተጠለሉ መብረቅ ወርዶ አክስቷን ከጎኗ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ ብልጭ የሚል ነገር ሁሉ ያስበረግጋታል። የመብራት ማብሪያ እንኳ የምትጫነው በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ነው።

ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ያመጣ ጊዜ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣች። "እኔን በወረቀት ተዉኝ" ብላ ለመነች፤ የሰማት የለም። ቀስ በቀስ ለመደችው እንጂ አልወደደችውም። ስታበራውም ስታጠፋውም ታማትባለች። ከእግሯ ሥር የተቀመጠውን ጥቁር ሳጥን ሰው ሁሉ "ሲፒዩ" ሲለው እሷም "ሲፒዩ" አለችው። ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ጠይቃ አታውቅም።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ መብራት ጠፍቶ ቆየና ድንገት መጣ። ሳጥኑ ጧ አለ፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሽታዬ አንድ ጫማዋን ጥላ ግቢው መሃል ደርሳ ነው ራሷን ያገኘችው።

ዋናው ድንጋጤ የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ለብሔራዊ ፈተና ለመመዝገብ ያለፉት ዓመታት ውጤታቸው ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት መቅረብ ነበረበት። የቀረው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። የድሮውን ወረቀት ምስጥ ጨርሶታል። የሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ልጆች ውጤት ያለው በዚያ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ነው።

ርእሰ መምህሩ አቶ ሐብተ ማርያም ሮጠው መጡ። "ግልባጩስ?" አሏት።

"ግልባጭ አልያዝኩም ጌታዬ።"

"ምነው ሽታዬ!" አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

በዚያ ወር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ክፉ ነበር። አንዳንዴ መኪና ሦስት ቀን አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀስ ቀንም መሣሪያ የያዙ ሰዎች ገመድ ዘርግተው ያስቆሙታል። ወንድ ሲሄድ ይጠረጠራል። ጎንደር ያለችው የኮምፒውተር ጠጋኝ ቢደወልላት "በምን ነፍሴ እመጣለሁ?" አለች። መምህራኑ ተያዩ።

"እኔ እወስደዋለሁ" አለ አንድ ድምፅ። ሽታዬ ድምፁ የራሷ መሆኑን ያወቀችው ሁሉም ዞሮ ሲያያት ነው።

በማግስቱ ጧት ሳጥኑን በአንሶላ ጠቅልላ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ከታ ሚኒባስ ላይ ወጣች። ከላይ ከተጫነ ይወድቃል ብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከጎኗ ዓይናቸውን ሊታከሙ የሚሄዱ አያ ሰጠኝ የሚባሉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

ጠዳ ከተማ ሳይደርሱ ገመዱ ታየ።

"ሁላችሁም ውረዱ!"

አንዱ ታጣቂ ከረጢቱን በአፈሙዙ ነካ አደረገው። "ይሄ ምንድን ነው?"

"ሲፒዩ ነው ወንድሜ።"

"ምን?"

"ሲፒዩ... ኮምፒውተር።"

"ኮምፒውተር ቴሌቪዥን የሚመስል ነገር የለውም እንዴ? እሱ የታለ?"

"እሱማ ቀርቷል።"

"ታዲያ ይሄኛው ምን ይሠራል?"

ሽታዬ ከረጢቱን ቁልቁል አየችው። ዐሥራ አንድ ዓመት ከእግሯ ሥር ያኖረችው ዕቃ ምን እንደሚሠራ ለካ አታውቅም። ታጣቂው ከረጢቱንና አንሶላውን ገልጦ፣ ጎንበስ ብሎ በሳጥኑ ቀዳዳ አየ። "ቀይ ሽቦ፣ ቢጫ ሽቦ..." አለና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እሱ ሲያፈገፍግ ያየ ተሳፋሪ ሁሉ ተበተነ። አስፋልቱ ላይ ሽታዬና ሳጥኑ ብቻ ቀሩ።

"ክፈችው!"

"ከፍቼው አላውቅም።"

"የያዝሽውን ዕቃ አታውቂውም? ማን ሰጠሽ? ለማንስ ነው የምታደርሺው?" ቃታው ላይ ያለው ጣቱ ሲንቀሳቀስ አየች።

ያን ጊዜ አያ ሰጠኝ በምርኩዛቸው መሬቱን እየዳበሱ ተመለሱ። "ስማ ልጄ፣ ይቺ የትምህርት ቤት ሰው ናት። የልጅ ልጄን ካርድ በእጇ የሰጠችኝ እሷ ናት።"

"አንተ ሽማግሌ፣ ዝም በል!"

አያ ሰጠኝ ግን ከአጠገቧ አልሄዱም። አንድ ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሙ። በመጨረሻ የታጣቂዎቹ አለቃ መጣ፤ በቀዳዳው አየ፣ አሸተተ። "የተቃጠለ ኮምፒውተር ነው፤ ልቀቃት" አለ። ከዚያ ወደሷ ዞረ፦ "ስትመለሺ ግን የያዝሽውን አውቀሽ ተመለሺ። እኔ ሁልጊዜ አልገኝም።"

አዘዞን አልፋ ጎንደር እስክትገባ ድረስ ይህን ቃል ለራሷ ስትደግመው ነበር።

የተጠቆመችው ሱቅ ፒያሳ አካባቢ ነው። ገና ደጃፉን ስትረግጥ ከውስጥ የተኩስ ድምፅ ተንጣጣ። ሽታዬ ሳጥኑን አቅፋ ወለሉ ላይ ተደፋች።

"አይዞዎ እትዬ! ጌም ነው፤ ልጆች ናቸው የሚጫወቱት" ብላ አንዲት ሴት ደግፋ አነሣቻት። ጠጋኟ ዝናሽ ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ሴት። ከፊት ኮምፒውተር ትጠግናለች፤ ከመጋረጃው ጀርባ በራሷ እጅ የገጣጠመቻቸው የጌም ኮምፒውተሮች አሏት።

ዝናሽ ብሎኑን በካቻቢቴ መፍታት ስትጀምር ሽታዬ እጇን ያዘቻት። "ልጄ፣ መሥራቱ ብቻ አይበቃኝም። የእያንዳንዱን ስምና ሥራ ንገሪኝ። የምመለሰው በዚያው መንገድ ነው።" የደረሰባትን ነገረቻት። ዝናሽ ካቻቢቴውን አስቀምጣ አዳመጠቻት።

"እንግዲያው ከስሙ እንጀምር። ይህ ሳጥን ሲፒዩ አይደለም። ሰው በልማድ ይለዋል እንጂ ሳጥኑ ኬዝ ነው የሚባለው፤ ልብሱ ነው።" ክዳኑን አነሣችው። ሽታዬ ዓይኗን ጨፍና፣ መልሳ ገለጠች። አቧራ፣ ሽቦና አረንጓዴ ሰሌዳ አየች።

"ሽቦዎቹ ሁሉ የሚወጡበት ይሄ ቆርቆሮ ፓወር ሰፕላይ ነው። ከግድግዳው የሚመጣውን ኃይለኛ መብራት አለዝቦ ለሌሎቹ ያከፋፍላል። ታጣቂዎቹን ያስፈራቸው ቀይና ቢጫ ሽቦ የዚህ ነው። ጧ ያለውም ይሄ ነው፤ ያሽቱት።"

"ሰሌዳውስ?"

"ማዘርቦርድ። ሁሉም የሚሰካው እሱ ላይ ነው፤ የሚገናኙትም በሱ በኩል ነው። እውነተኛው ሲፒዩ ደግሞ እዚህ ነው፣ ከፋኑ ሥር፤ ከአንድ ብስኩት አይበልጥም። የሚያስበው፣ የሚደምረውና የሚቀንሰው እሱ ነው። ሲሠራ ስለሚግል ፋኑ ያናፍስለታል። እነዚህ የቆሙት ሁለት ቀጫጭን ሰሌዳዎች ደግሞ ራም ናቸው። ራም አሁን የሚሠራውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉንም ይረሳል።"

ሽታዬ ደረቷን ያዘች። "ይረሳል? የልጆቹ ውጤትስ?"

"እሱ እዚያ አይደለም። ራም ማለት እርስዎ ጠረጴዛ ላይ የዘረጉት ወረቀት ነው። ቆልፈው የሚያስቀምጡበት ቁም ሳጥን ይሄ ነው፣ ሀርድ ዲስክ።" መጽሐፍ የሚያህል የብረት ዕቃ አሳየቻት።

"እሱ ተርፏል?"

"ሳልሞክረው አላውቅም እትዬ። አልዋሽዎትም።"

ገበያው ላይ ፓወር ሰፕላይ ጠፍቶ ስለነበር ዝናሽ ከአንዱ የጌም ኮምፒውተር ልትነቅል ገባች። ሽታዬ ተከትላ ስታይ፣ ሁለት ፋን ያለው፣ ጡብ የሚያህል ዕቃ ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቷል። "ይሄ የኔ ውስጥ የለም፤ ተሰርቆብኝ ነው?"

ዝናሽ ሳቀች። "ግራፊክስ ካርድ ነው፤ ሠዓሊ ይበሉት። ጌም በሴኮንድ ስልሳና ከዚያ በላይ ሥዕል ይፈልጋል፤ ሲፒዩው ብቻውን አይችለውም። ለእርስዎ ሥራ አያስፈልግም። ይህን ካርድ ስለሚመግብ ነው የጌሙ ፓወር ሰፕላይ ትልቅ የሆነው።"

"ትልቅ ከሆነ የኔን አያቃጥለውም?"

"አያቃጥልም። ማሽኑ የሚስበው የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው።"

ገጣጥማ ስትጨርስ ሽታዬ ደጃፉ ላይ ሄዳ ቆመች፤ አንድ እግሯ ውጭ ነበር። ዝናሽ ማብሪያውን ተጫነችው። ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቆየ፤ ሽታዬ "እመቤቴ፣ እመቤቴ" ትላለች። ከሀርድ ዲስኩ ትክ ትክ የሚል ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ስክሪኑ በራ። ዝናሽ መዝገቡን ከፈተችላት፤ ሽታዬ ቀርባ የመጀመሪያውን ተማሪ ስም ስታነብ እንባዋ አመለጣት።

ዝናሽ ውጤቱን በሁለት ፍላሽ ገለበጠችላት። "ሳጥኑን እዚህ ይተዉትና ፍላሹን ብቻ ይዘው ይመለሱ" አለቻት። ሽታዬ በጣም ተመኘችው። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ሌላ ኮምፒውተር የለውም፤ የዘንድሮው ውጤትም ገና አልገባም። አንዱን ፍላሽ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረች፣ ሌላውን ዝናሽ ዘንድ ተወች፣ ሳጥኑን ተሸከመች። ዝናሽም ክዳኑን ያለ ካቻቢቴ በእጅ የሚፈታ አድርጋ ሰጠቻት።

ሌሊቱን ዘመድ ቤት የሳጥኑን ዕቃዎች ስም ስታነበንብ አድራ ጧት ተሳፈረች። ገመዱ በቦታው ነበር፤ አለቃው ግን የለም። ሰዎቹም ሌሎች ናቸው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

ሽታዬ ማንም ሳያዛት ከረጢቱን ፈትታ ክዳኑን ከፈተች። "ይሄ ኬዙ ነው። ይሄ ፓወር ሰፕላይ፣ መብራት የሚያከፋፍል። ይሄ ማዘርቦርድ። ከፋኑ ሥር ሲፒዩ..."

"መልእክት የሚልከው የትኛው ነው?"

"ይህን ቀዳዳ እይ፤ የኔትዎርክ ገመድ የሚገባበት ነው። ገመድ ከሌለው ዲዳ ነው።"

ሌላው ታጣቂ ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ራሙ ሰደደ።

"እንዳትነካው!" ብላ ጮኸች።

ሁሉም ቀጥ አለ። የጠመንጃ አፈሙዝ ወደሷ ዞረ። ሽታዬ ሁለት እጇን አነሣች። "ጣት ላይ... የማይታይ ኤሌክትሪክ አለ" አለች። "ጠጋኟ ነግራኝ ነው። ዕቃው ከተነካ ይሞታል። የሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ልጆች ውጤት ያለበት ማሽን ነው፤ እባካችሁ።"

ሰውየው እጁን ቀስ ብሎ መለሰና መዳፉን አገላብጦ አየው። "መሐንዲስ ነሽ?" አላት።

"አይደለሁም። መዝገብ ያዥ ነኝ።"

"ዝጊውና ሂጂ።"

ትምህርት ቤቱ ስትደርስ ሳጥኑን ለአቶ ሐብተ ማርያም አስረክባ፣ ከአጥሩ ጀርባ ሄዳ አስመለሳት። በአራት ቀን ሁሉም ታተመ፤ ልጆቹ በጊዜው ተመዘገቡ። እሷ በተመለሰች በሦስተኛው ቀን መንገዱ ተዘግቶ ሁለት ሳምንት ቆየ።

ሽታዬ ዛሬም ፈሪ ናት። ደመና ካየች ሶኬቱን ትነቅላለች፤ ዓርብ ዓርብ ውጤቱን በፍላሽ ትገለብጣለች። ሰኔ ላይ ስክሪኑ ሲበላሽ አቶ ሐብተ ማርያም ቀና ብለው አዩዋት። "አልሄድም" አለች፤ "ቢሻዎት ከሥራ ያስወጡኝ።" እሳቸውም ራሳቸው ሊወስዱት ተነሡ። ከመሄዳቸው በፊት ግን ሽታዬ ፊቷ አስቀምጣ፣ የስክሪኑን የጀርባ ቀዳዳ አንድ በአንድ እያሳየች፣ የትኛው የመብራት፣ የትኛው የሥዕል ገመድ እንደሚገባበት ሦስት ጊዜ አስደገመቻቸው።