መርዶ ነጋሪዋ በጉና በረዶ ላይ

እማማ ተዋበች ሳይጠሩ ድንገት ብቅ ካሉ፣ የቤቱ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፊታቸውን ሳይሆን እጃቸውን ነው። እጃቸውን ዘርግተው «እስቲ የያዝሽውን አምጪልኝ፣ ልጄ» ካሉ አለቀ፤ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ከቤተ ልሔም ገዳም ወዲህ ባለችው መንደራቸው መርዶ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ማንም አልሾማቸውም። ቢሆንም ቄሱ ሳይቀሩ ነገር ሲጨንቃቸው «እስቲ ተዋበችን ጥሩልኝ» ይላሉ።

ነገሩ የጀመረው ከራሳቸው ነው። ገና ልጅ እግር ሳሉ፣ ልጃቸውን ፍሥሐን ታቅፈው ደጃፍ እንደቆሙ፣ አንድ መንገደኛ ከአጥር ማዶ ሆኖ «አንቺ ሴትዮ፣ እናትሽ ሞተች እኮ፣ አልሰማሽም?» አላቸው። ወይ አፍ! ልጁ ከእጃቸው አምልጦ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ያ ልጅ ይኸው ዛሬ ጎልምሶ ደብረ ታቦር መምህር ሆኗል፤ የግንባሩ ጠባሳ ግን አብሮት አድጓል። ከዚያ ቀን ወዲህ እማማ ተዋበች እሳቸው እያሉ በዚያ መንደር ማንም እንደዚያ ሆኖ መርዶ እንዳይሰማ ማሉ።

ሥርዓት አላቸው። መጀመሪያ ሰውየውን ያበላሉ፤ በባዶ ሆዱ አልቅሶ እንዳይወድቅ። ልጆች ካሉት ለጎረቤት ያስይዛሉ። ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ ሰበብ ይፈጥሩለታል። አንዴ ወንድሟ የሞተባትን ሴት ከወገዳ ገበያ ድረስ ሄደው «ላምሽ መንታ ወለደች» ብለው እያሳቁ አምጥተዋታል። ደጃፍ ሲደርሱ ግን የያዘውን ሁሉ ይቀበሉታል፤ ልጅ ይሁን፣ ማጭድ ይሁን፣ እንስራ ይሁን። እጁ ባዶ ካልሆነ አፋቸውን አይከፍቱም። «ውሸታም ናት» የሚሏቸውም አሉ። ይበሏቸው! ያወራባቸው ሁሉ ተራው ሲደርስ ልኮ ያስጠራቸዋል።

እንዲህ ያሉ ሴት ታዲያ በሰው ሰበብ ይታለላሉ?

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ የፍሥሐ ሚስት ዳግማዊት የቤታቸውን መኪና፣ ነጯን ቪትዝ፣ አቧራ እያስነሳች መጥታ ደጃቸው ላይ አቆመች። ዳግማዊት ነፋስ መውጫ ነርስ ናት። ፍሥሐ ለሥራው ደብረ ታቦር ስለሚከርም መኪናዋ ከሷ ጋር ናት፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ግን ገና ብዙም አልሆናት። በሳምንቱ መሐል፣ ያውም በሥራ ቀን፣ እንዲህ መጥታ አታውቅም።

«እማማ፣ የዓይንዎ ቀጠሮ ለነገ ሆነ። ፍሥሐ ነው የደወለው። ይነሡ፣ ዛሬውኑ ደብረ ታቦር እንገባለን» አለች።

እማማ ተዋበች ዓይናቸውን ሞራ ይዞታል፤ እውነት ነው። ቀጠሮው ግን ለሐምሌ ነበር። ሐኪም ቀጠሮ ያራዝማል እንጂ መቼ አቅርቦ ያውቃል? ደግሞስ ገብስ በሚዘራበት ሰዓት ሰው ከቤቱ ይወጣል? «ፍሥሐ ራሱ ለምን አልመጣም?» አሉ።

«ሥራ በዝቶበት ነው።»

ሥራ! እሳቸው ራሳቸው ስንቱን «ሥራ በዝቶበት ነው» ብለውት ያውቃሉ። ሟቹ ግን ተገንዞ ተኝቶ ነበር። ነጠላቸውን አነሡና ተከተሏት።

ነፋስ መውጫ ሲደርሱ ዳግማዊት ምሳ አቀረበች። «ጥግብ ብለው ይብሉ፤ ፍሥሐ ሳትበሉ እንዳትነሡ ብሎኛል» እያለች ጉርሻ በጉርሻ ላይ ደረበችባቸው። ልጆቿን ደግሞ ለጎረቤቷ ለየኔነሽ ሰጠቻት። ጉርሻው አንቆ ሊገድላቸው ምንም አልቀረው። አብልታለች። ልጆቹን አስይዛለች። ሰበቡም አለ። ምን ቀረ?

ከዚያ ስልኳ ጮኸ። ዳግማዊት ወደ ጓሮ ወጥታ፣ አፏን በእጇ ከልላ፣ «አልነገርኳቸውም፤ እዚያው ሲደርሱ ይወቁት» ስትል ሰሟት። የዓይን እንጂ የጆሮ ሞራ የለባቸውም። ፍሥሐ ሞቷል። አንድዬ ልጃቸው፣ ያ ድንጋይ ያልገደለው ልጅ፣ ሞቷል፤ ይቺ ምስኪን ደግሞ ባሏን አጥታ አማቷን እያባበለች ልታደርስ ነው። እንዴት ቻለችው? ሲሉ እንባቸው መጣ። መልሰው ዋጡት፤ ገና እርግጠኛ አልሆኑማ።

መኪናዋ ውስጥ ገብተው ከፊት ተቀመጡ። የኋላው ወንበር ላይ አዲስ ጋቢ ታጥፎ ተቀምጧል።

«ይሄስ?»

«የአባቴ ነው። ሳሉ ከረመበት፤ ደግሞ የደብረ ታቦር ብርድ። በዚያው አደርስለታለሁ» አለች ዳግማዊት ፈገግ ብላ። አባቷ ጋሽ ባዩ ደብረ ታቦር ነው የሚኖሩት፤ በሠርጉ ጊዜ ከእማማ ተዋበች ጋር እስክስታ ተወዳድረው ያሸነፉ ጨዋታ አዋቂ ናቸው። እማማ ተዋበች ጋቢውን ዳሰሱት። ለአባቷ? ወይስ እሳቸው ራሳቸውን ሲጥሉ ሊያለብሷቸው? ይሄንንም ያውቁታል፤ ጋቢ ሳይዙ መርዶ ሄደው አያውቁም።

መንገድ ከጀመሩ በኋላ እየሰረቁ ሲያይዋት ቆዩ። ሁልጊዜ መዝሙር የምትከፍተው ልጅ ዛሬ አልከፈተችም። ከንፈሯን ነክሳ መሪውን ሙጭጭ ብላ ይዛለች።

«እስቲ ለፍሥሐ ደውዪልኝ፤ ድምፁን ልስማው» አሏት።

መኪናዋን ጥግ አስይዛ ደወለች። አያነሳም። «ክፍል ገብቶ ይሆናል» አለች።

አየ ልጄ! አሉ በሆዳቸው። እኔም «ማሳ ወርዷል» እል ነበር።

የጉናን ተራራ ሲወጡ ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ፤ ከዚያ ሽምብራ የሚያክል በረዶ የመኪናዋን ጣራ ይደበድበው ጀመር። እርስ በርስ መሰማማት አልተቻለም። ዳግማዊት መንገድ ዳር ከቆሙ አይሱዙ የጭነት መኪናዎች ኋላ ጠጋ ብላ አቆመች። በረዶው ሲያባራ መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ አስፋልቱም ሜዳውም አንድ ሆኖ ነጭ ነው። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ወርዶ መስታወቷን አንኳኳ።

«እህቴ፣ ወደ ታች ከሆንሽ ፍሬን የሚባል እንዳትነኪ። በከባድ ማርሽ፣ ቀስ። መሪውንም በድንገት እንዳትጠመዝዢው። የሚቀልጠው በረዶ ከሥር መስታወት ሆኗል።»

«ይቅለጥና እንሂድ» አሉ እማማ ተዋበች።

«አይሆንም፣ ከመሸ ይብሳል። ፍሥሐም ዛሬ ግድ ግቡ ብሎኛል።»

ግድ! ቀብሩ ነገ ነው ማለት ነዋ። እማማ ተዋበች የመኪናዋን እጀታ በሁለት እጃቸው ጨመደዱት።

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ የመኪናዋ ቂጥ ዞረ። ዳግማዊት እግሯ ሳታስበው ፍሬን ላይ አረፈ፤ ይሄኔማ ቪትዟ ጭራሽ አልታዘዝ አለች፣ በጎኗ ተንሸራታ ተንሸራታ የመንገዱ ዳር ጠጠር ላይ ደርሳ ቆመች። ከጠጠሩ ወዲያ ገደል ነው። «እመቤቴ ድረሽልኝ!» አለች ዳግማዊት፤ ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች።

እማማ ተዋበች ገደሉን አላዩትም። ከዚህ በላይ ሊችሉ አልቻሉም። ትከሻዋን ያዝ አድርገው፣ «ዳግም፣ ልጄ፣ ብቻሽን አትሸከሚው። እኔ የዚህ ነገር ጀማሪ አይደለሁም። ንገሪኝ፤ ማን ነው የሞተው?» አሏት።

ዳግማዊት ቀና አለች። «ማን ሞተ? ምን እያሉ ነው፣ እማማ?»

የሚዋሽ ፊት ያውቃሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የራሳቸውን ሲያለማምዱ ኖረዋል። ይሄኛው የሚዋሽ ፊት አልነበረም። ልጅቱ ምንም አታውቅም።

ግራ ገብቷቸው እንዳሉ መቀነታቸው ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ።

«እማዬ! የት ደረሳችሁ?» ፍሥሐ ነው! ራሱ ፍሥሐ፣ በራሱ ድምፅ። «ተመስገን! ተመስገን፣ አምላኬ!» አሉ፤ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ወዲያው ግን የልጃቸው ድምፅ ዝቅ አለ።

«እማዬ፣ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ለጥፊው። አዎ ብቻ በይኝ። ዳግም አጠገብሽ ናት?»

«አዎ።»

«ጋሽ ባዩ ጎህ ሲቀድ አረፉ። ቀብሩ ነገ ነው። እውነቱን ብነግራት ብቻዋን ያን መንገድ ስታለቅስ ትመጣለች ብዬ በአንቺ ዓይን አሳበብኩ። ጉና በረዶ ጣለ ሲሉኝ ግን ፈራሁ። ስልኳን ተቀበያት፤ እህቷ ሀና አላስችል ብሏት ልትደውልላት ነው። ምንም ሳትነግሪያት አባቷ ቤት አድርሻት።»

«አዎ» አሉ እማማ ተዋበች። «አዎ። በልተናል፣ አዎ።»

ምሳው፣ ልጆቹ፣ ሰበቡ፤ ሁሉም የራሳቸው ሙያ ነው። ልጃቸው እናቱን እያየ አድጎ አንድም ሳያጎድል ሠርቶታል። መርዶው መኪናዋ ውስጥ እንዳለ አልተሳሳቱም፤ የተሳሳቱት በባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ይቺው መሪ የያዘችው ልጅ ናት። እሳቸው ደግሞ አሁን፣ በገዛ አፋቸው፣ «ማን ነው የሞተው» ብለዋታል።

«ምን አለ ፍሥሐ?» አለች ዳግማዊት።

«በረዶ አገኛችሁ ወይ አለኝ። ስልክሽን አምጪ፤ እየነዳሽ እንዳትነካኪው ብሏል።»

ስልኳን ሰጠቻቸው። መኪናዋን አስነሥታ ቀስ ብላ ወደ መንገዱ መለሰቻት። ትንሽ እንደሄዱ ግን፣ ዓይኗን ከነጩ መንገድ ሳትነቅል፣ «እማማ፣ ቅድም ማን ሞተ ያሉኝ ምን ነክቶዎት ነው?» አለች።

ይሄው መጣ! እማማ ተዋበች ውሸት ፈለጉና ጠፋቸው። ከጠፋቸው ዘንድ እውነቱን አወጡት። «ፍሥሐ የሞተ መስሎኝ ነዋ! አብልተሽኝ፣ ልጆቹን አስይዘሽ፣ ጓሮ ገብተሽ አልነገርኳቸውም ስትይ!»

ዳግማዊት በሳቅ ፈነዳች። «ኧረ እማማ! የዓይንዎን መቀደድ ነው ያልነገርኩዎት! መርፌ እንዳለው ካወቁ አይመጡም ብለን! ቆይ፣ ያን ሁሉ መንገድ ባሌን ገድለው ነው የመጡት?» እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እማማ ተዋበችም ሳቁ። ምን ያድርጉ? ጋቢው ከኋላቸው ታጥፎ ተቀምጧል፤ እሳቸው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ከልጅቱ ጋር ይስቃሉ።

ስልኩ ጭናቸው ላይ ተንዘረዘረ። ማንበብ አያውቁም፤ ግን የደዋዩ ፎቶ ወጥቷል፣ ዓይናቸው ቢደክምም ሀናን ለዩዋት።

«ማን ነው?» ዳግማዊት ዞር አለች። መኪናዋ ወደ ግራ አመለጠች።

«ፊትሽን መልሺ! በምን ዓይኔ ለይቼ ልንገርሽ!» ጮሁ። ዳግማዊት ፍሬን ሳትነካ፣ መሪውን በቀስታ መለስ መለስ አድርጋ አቀናቻት። ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ቆመ። እማማ ተዋበች ከጭናቸው ሥር ከተው ተቀመጡበት።

አሁን ግን ሳቁ የለም። «እማማ፣ እኔንም አስጠረጠሩኝ» አለች ዳግማዊት። «ትናንት ማታ ለአባቴ ደውዬ አላነሳም ነበር። አባቴ ደህና ነው አይደል?»

ፊት ለፊታቸው ቁልቁለቱ ነው፤ ከታች ኩርባው፣ ከኩርባው ወዲያ ምንም። እማማ ተዋበች በዕድሜያቸው ብዙ ዋሽተዋል። እንዲህ የከበዳቸው ግን የለም።

«ባዩ?» አሉ። «ባዩማ ምን ይሆናል! ጋቢውን ለብሶ ሊንጎማለል! ይልቅ መንገድሽን እዪ።»

«እውነትዎን ነው?»

«እኔ ልሙት!»

ዳግማዊት ትንፋሿን ለቀቀች። ትከሻዋ ወረደ፣ እጇ መሪው ላይ ረጋ፤ ኩርባውን አለፈችው። እማማ ተዋበች ፊታቸውን ወደ ጎን መስታወት አዙረው፣ ሳይታዩ አለቀሱ።

ክምር ድንጋይ ከተማ ሲደርሱ መንገዱ ጥቁር ሆነ። ጋሳይን ሲያልፉ ጨርሶ ደረቅ ነበር። ዳግማዊት ደስታዋን አልቻለችውም፤ «ጉናን በበረዶ! እኔ! አባቴ ሲሰማ አያምንም» እያለች መዝሙሯን ከፈተች። እማማ ተዋበች «በርቺ፣ ጎበዝ» አሏት።

ደብረ ታቦር ገቡ። ወደ ጋሽ ባዩ ቤት የሚያስገባው ኩርባ ሲቃረብ፣ ከወዲያ ምን እንደተተከለ እማማ ተዋበች ያውቃሉ። ፍሥሐ «ቤት አድርሻት» ብሎ ነበር፤ ግን ድንኳኑን በመኪና መስታወት ልታየው? መሪ ይዛ? አይሆንም።

«እዚህ ጋ አቁሚ» አሉ።

«ምነው እማማ? ደረስን እኮ፤ ይኸው ከኩርባው ወዲያ ነው።»

«አቁሚልኝ። አጥፊው።»

አቆመች። ሞተሩም መዝሙሩም ጠፋ። ቁልፉን ነቅላ እንደያዘች ዞር አለች፤ አሁንም ፊቷ ላይ የጉና ደስታ አለ።

እማማ ተዋበች እጃቸውን ዘረጉ።

«እስቲ ቁልፉን አምጪልኝ፣ ልጄ።»

ዳግማዊት የተዘረጋውን እጅ አየች። በእማማ ተዋበች ቤት ሙሽራ ሆና ገብታ የልጆች እናት ሆናለች፤ ያ እጅ የማን ደጃፍ ላይ ለምን እንደሚዘረጋ ስንቴ ሰምታለች። ቁልፉን በሁለት እጇ ጨብጣ ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«አልሰጥም» አለች። «እማማ፣ አልሰጥም።»