አርባው ሳይወጣ የተላጨ ጢም

ባለፈው ቅዳሜ የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ሰብሳቢ በየበሩ እያንኳኳ ዞረ። የግቢያችን መግቢያ ላይ አዲስ ካሜራ ተተክሏል፤ ነዋሪ ሁሉ ወርዶ ፊቱን ያስመዝግብ አለ። "ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከእንግዲህ ሌባ የለም፣ ቁልፍ ረሳሁ ማለትም የለም" አለን ደስ ብሎት። እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ምስሩ ተመለሰች። ሰብሳቢው ወደ ጀሞ ከመጣ ብዙ ስላልሆነው ለምን እንዳልተደሰትን አልገባውም።

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እዚያው ነው የቆምኩት። ግን ይህን ነገር ለሰው ልናገር ስሞክር ሁልጊዜ መሀል ላይ ይቆረጥብኛል። ብጽፈው ይሻል ይሆናል።

ወንድሜ ዮናስ በአራት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። አሁን አይበልጠኝም። እሱ ንፋስ ስልክ አካባቢ ባለ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር፤ እኔ ሥራ ፈላጊ ነበርኩ። ጠዋት እስከ ታክሲው ሰልፍ ድረስ እሸኘዋለሁ። ለቁርስ እርጥብ ይገዛና ድንች የበዛበትን ግማሽ ለእኔ ይሰጠኛል፤ ጣቶቹ ቃሪያ ቃሪያ ይሸታሉ። ሙሉ ጢም ነበረው፤ ይኮራበታል። እኔ ደግሞ የራሴን ብቅ ባለ ቁጥር እላጨዋለሁ። "ተወው እንጂ፣ ትንሽ ሰው ትመስል ነበር" እያለ ይቀልድብኛል።

የመጋዘኑ በር ላይ ፊት የሚለይ ማሽን የተገጠመ ቀን ተናዶ መጣ።

"ፊት ስንሰጣቸው ፊታችንን ወሰዱት!" አለ ጫማውን እያወለቀ።

"ምን ያደርግሃል?" አለች እናቴ። "ስልኬን የመነተፈኝን ልጅ ያስያዘው የመንገዱ ካሜራ አይደል እንዴ? እኔስ እግዜር ይስጣቸው ነው የምለው።"

"ሌባውን ይዩት እማ። የእኔን መግባትና መውጣት ምን አድርጉ ብዬ ልስጣቸው? ቁልፍ ቢሰረቅብኝ እቀይራለሁ። ፊቴን በምን እቀይረዋለሁ?"

"የአባትህ ፊት ነው፤ ማን ይሰርቀዋል!"

ሳቅን። እሱም ሳቀ። በማግስቱ ማሽኑ ፊት ቆሞ ተመዘገበ፤ ሌላ ምን ምርጫ ነበረው?

በዚያው ክረምት፣ ዝናቡ እየወረደ፣ መካኒሳ ላይ መንገድ ሲሻገር አንድ መኪና ገጭቶት አመለጠ። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም። ይህን ብቻ ልበል፤ ከወደቀበት ቦታ በላይ ምሰሶ ላይ ካሜራ አለ። አጎቴ ምስሉን ለመጠየቅ ስንት ቦታ ተመላለሰ። በመጨረሻ "በዝናቡ ምክንያት አልታየም" ተባለ።

እኔ ጢሜን ተውኩት። በእኛ ቤት ለሟች አርባ ሳይወጣ ምላጭ ፊት አይነካም፤ ለአባታችንም እንዲሁ ነው ያደረግነው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ንፍሮውን እየቃመ ያየኝና ዓይኑን ወዲያው ይመልሳል። ለምን እንደሆነ አላወቅሁም። በነዚያ ቀናት መስታወት አላየሁም ነበር። እናቴ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ የዮናስን ስልክ ከጉያዋ አትለየውም፤ ቻርጁ ሲያልቅ ትሰካለች፣ ሲሞላ መልሳ ትይዛለች።

ከሳምንታት በኋላ ዕቃውን እንድንወስድ ከመጋዘኑ ተደወለ። እኔ ሄድኩ። ብርድ ስለነበር እናቴ የእሱን ጃኬት አለበሰችኝ። በሩ ላይ ዘበኛው ጋሽ ተካ ተቀበሉኝ። "እግዜር ያጽናችሁ የኔ ልጅ" ብለው እጄን እንደያዙ ከጎናቸው ያለው ማሽን ጢን አለ። አረንጓዴ መብራት በራ። በሩ ተከፈተ። ማሽኑ ላይ የወንድሜ ፎቶ ወጣ፣ ከሥሩ ሙሉ ስሙ፣ ከስሙ ሥር "እንኳን ደህና መጡ"።

ጋሽ ተካ እጄን ለቀቁና አማተቡ።

"እኔን ኮፍያ ካደረግሁ አያውቀኝም" አሉ ቀስ ብለው። "በየቀኑ ስንጣላ ነው የምንውለው። አንተን ግን…"

"ያጥፉት" አልኳቸው።

"እኔ በምኔ አውቄው ልጄ! ማስገባቱን እንጂ ማጥፋቱን ማንም አላሳየንም።"

ዕቃው በአንድ ፌስታል የሚያልቅ ነበር። የሥራ ጫማ፣ ኩባያ፣ የጢም ማበጠሪያ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ በመስኮቱ የካሜራ ምሰሶዎቹን እያየሁ ነበር። ከዚያ በፊት ይህን ያህል መሆናቸውን ልብ ብዬ አላውቅም። ሲሞት ያላዩት ሰው አሁን ታያቸው፤ ያውም በእኔ ፊት። መካኒሳ ስንደርስ የጃኬቱን ቆብ ጎትቼ ፊቴን ሸፈንኩ።

ደረጃውን ስወጣ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። ልቅሶ አይደለም። እልልታ ነበር።

ማሽኑ ሠራተኛ በገባ ቁጥር ለራሱ ለሠራተኛው ስልክ መልእክት ይልካል። ይህን እኔ አላውቅም ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ናቸው ያነበቡላት። "ዮናስ፣ ዛሬ ሥራ ገብተዋል። እናመሰግናለን።"

እናቴ ፍራሹ ላይ ቆማለች። ጥቁር ሻሿን አውልቃ በእጇ ይዛዋለች። እትዬ ዘነበች ወገቧን ይዘው "ተይ እንጂ እህቴ፣ ተይ" ይላሉ።

"ልጄ ሥራ ገብቷል! ሬሳውን መች አሳያችሁኝ? ሳጥን ነው ያሳያችሁኝ! እኔ ያየሁት ሳጥን ነው!"

ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። ጃኬቱን አየች። ጢሙን አየች።

"ዮኒ" አለችኝ።

እንደዚያ ዓይነት ደስታ በእናቴ ፊት ላይ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ሳሚ ነኝ ልላት ፈልጌ ነበር። ፌስታሉን በሩ ላይ ጥዬ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ።

ከብሎካችን ሥር ፀጉር ቤት ያለው አቢ የዮናስ ጓደኛ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

"ላጨው።"

"አርባው መቼ ወጣና?"

"አልወጣም።"

"አብደሃል እንዴ ሳሚ? ሰው ምን ይላል? እማማስ?"

"ላጨው አልኩህ!"

ፎጣ አንገቴ ላይ አሰረ። ዓይኑን ከፊቴ ሲመልስ አገጬ ላይ ቆረጠኝ። ያን ቀን መጀመሪያ መስታወት ውስጥ ያየሁት ወንድሜን ነው። ከዚያ ከጢሙ ሥር የእኔ ፊት ቀስ እያለ ወጣ። ሁለተኛ የቀበርኩት መሰለኝ፤ በዚህኛው ደግሞ አዛዡ እኔ ነኝ።

ስመለስ እትዬ ዘነበች ደረታቸውን መቱ። "ውይ በሞትኩት! አንተ ልጅ፣ የወንድምህ አፈር ሳይደርቅ!"

እናቴ እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻቸው። ጠራችኝና አገጬን ዳሰሰችው። ጣቷ የቆሰለው ቦታ ላይ ቆመ።

"ሳሚዬ" አለች።

ተቀመጠች። ሻሿን መልሳ አሰረች። ከዚያ ነው ያለቀሰችው፤ እንደዚያን ቀን የቀብሩም ዕለት አላለቀሰችም። ስለ ጢሜ ግን እስካሁን አንድ ቃል አልወጣትም።

ወደ መጋዘኑ ደውለን የዮናስን ፊት እንዲያጠፉት ጠየቅን። "እሺ፣ ይጠፋል" አሉ። ጠፍቶ እንደሆነ ማን ያሳየናል?

ከዚያ ክረምት ወዲህ በየጠዋቱ እላጫለሁ። ዘንድሮ ግን የዮናስን ዕድሜ ያዝኩ። ጉንጬ ጎደል ብሏል፣ ግንባሬ እንደሱ ሰፍቷል። ቀን በቀን ወደ እሱ እየሄድኩ ነው፤ ይህንን ምላጭ አይመልሰውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ወርጄ ተሰለፍኩ። ማሽኑ የመጋዘኑ ዓይነት ነው፤ ያው ጥቁር መስታወት። የሚመዘግበው ልጅ "ወደዚህ እይ" አለኝ። አየሁ። ስሜን አልነገርኩትም። ቆየሁ። መብራቱ እስኪበራ ይሁን እንዳይበራ እየጠበቅሁ፣ እንጃ።

"ስም?" አለ ልጁ።

ማሽኑ ዝም አለ።

"ስምህን ወንድሜ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።"

"ሳሙኤል" አልኩ።

ቤት ስገባ እናቴ ምስሩን ጥዳ ወጡን ታማስላለች። ቀና ሳትል "ማሽኑ ማን ብሎ ጠራህ?" አለችኝ።

"ማንም አላለኝ እማ።"

ራሷን ነቀነቀች። ፈርታ እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ማማሰያውን አስቀመጠች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና የዮናስን ስልክ ቻርጅ ላይ ሰካችው።