በፋኖስ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ጾመኛ

ከቆዳው ወጣ! ወዳጆቼ፣ ዛሬ ጠዋት በዓይኔ በብረቱ አየሁት።

እጆቹን አጣጥፎ እንደሚጸልይ ሰው የሚቆመውን ፌንጣ መሰል ፍጡር ማሳደግ ከጀመርኩ ሰነበትኩ። ቤቱ የፋኖስ ብርጭቆ ነው፤ የብርጭቆውን አፍ በሻሽ አስሬዋለሁ።

ሰሞኑን ዝንብ ብሰጠው እንቢ አለ። ወቅቱ ሁዳዴ ነውና፣ «ይህ ፍጡር እንኳ ይጾማል» ብዬ በማገለግልበት ደብር ላሉ ሰዎች ሁሉ ተናገርኩ። ጾም የገደፉ ሁለት ጎረቤቶቼንም ገሠጽኩበት።

ትናንት ባለቤቴ አየችውና ጮኸች፦ «ኧረ አንቱ! ይህ ምኑ ጾም ነው? ፌንጣ ቆዳዋን ልትጥል ስትል መብላት እንደምታቆም አያውቁም? በዚህ በመንዝ ደረቅ ነፋስ ቆዳው ተጣብቆበት ሊሞት ነው!»

ወዲያው ከባና፣ ከሱፍ ብርድ ልብሳችን፣ የተቀደደ ቁራጭ ውሃ ውስጥ ነክራ ጨመቀችና በብርጭቆው ዙሪያ ጠቀለለችው። የሚንጠለጠልበትም ሻካራ ጭራሮ አቆመችለት።

ዛሬ ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ አሮጌ ቆዳውን እንደጠበበ ቀሚስ ቀስ ብሎ አወለቀው! እንደ ለጋ ቅጠል አምሯል፤ ሕያው ነው!

«እንግዲህ ለደብሩ ሰዎች ምን ሊሏቸው ነው?» አለችኝ እየሳቀች።

«እውነቱን ነዋ! ጾም ለገደፉት የሰጠሁትን ተግሣጽ ግን አልሽርም» አልኳት።

ከእናንተስ መካከል የፍጡርን ነገር እንዲህ አጣሞ የተረጎመ አለ? ብቻዬን እንዳልሆን ጻፉልኝ።