በአንድ ትከሻ የተጫነ ወገብ

ወገቤን የያዘኝ ጣልያኖች ከደብረ ታቦር በታች ባስጀመሩት መንገድ ላይ ድንጋይ ሳነሳ ነው። ጎንበስ አልሁ። ከሽንጤ እስከ ቀኝ ተረከዜ እሳት ወረደ። ድንጋዩን ጣልሁት። ቀና ማለት አቃተኝ።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ገበሬ ነበርሁ፤ ሸክም አዲሴ አይደለም። ነገር ግን በግራችን ቋጥኝ ስለነበር የሥራው አለቃ ድንጋይ ሁሉ በቀኝ ትከሻ ብቻ እንዲወሰድ አዝዞ ነበር። አምስት ወር ሙሉ እንዲሁ ተሸከምን። ትከሻ እንቀይር ብለው የለመኑት ተገረፉ።

ሐኪማቸው ልብሴን እንኳ ሳያስገልጥ በአስተርጓሚ ተናገረኝ። «ሎምባጂኔ ይባላል፤ የወገብ ሕመም ነው። ሦስት ቀን ተኛ፤ ከዚያ ወደ ሥራህ ተመለስ።» ስሙን ነገረኝ፤ ምን እንዳመጣው ግን አልጠየቀም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በአራተኛው ቀን አንድ ባንዳ ቤቴ መጣ። ጎትቶ አስነሳኝ። ሁለት እርምጃ ሄድሁ። ወደቅሁ። «አስመሳይ» ብሎ ረገጠኝና ሄደ።

ዘመዶቼ ደግሞ አዝነውልኝ እንዳልንቀሳቀስ ከለከሉኝ። ሁለት ወር ተኛሁ። ጭኔ ሟሸሸ። ሕመሙ ባሰ። ባለቤቴ ጥሩነሽ ይህን አይታ፣ ይፋግ በሚባል አገር አያ ዳምጤ የሚባሉ ወጌሻ እንዳሉ አጠያይቃ፣ አራት ጎረቤቶቻችንን ለምና በቃሬዛ አስወሰደችኝ።

አያ ዳምጤ ጀርባዬን ግራና ቀኝ በጣታቸው ዳሰሱት።

«አጥንትህ አልወለቀም» አሉኝ። «የቀኙ ጅማት እንደ ጠፍር ተወጥሯል፤ ግራው ልል ነው። ሆድህና ዳሌህ ሥራ ፈትተዋል። ወገብ ለብቻው ስንቱን ይችላል?»

«ታዲያ ምን ያህል ጊዜ ልተኛ፣ አያ?»

«መተኛቱማ ነው የጨረሰህ። እንዲህ ያደረጉህ ሰዎች አህያ እንኳ በአንድ ጎን እንደማይጫን አያውቁም?»

እዚያው ቤታቸው አስቀመጡኝ። መጀመሪያ በጀርባዬ ተኝቼ ጉልበቴን አጥፌ ዳሌዬን ቀስ ብዬ እንዳነሳ፣ ቀጥሎ ተንበርክኬ ቀኝ እጄንና ግራ እግሬን፣ ከዚያም ግራ እጄንና ቀኝ እግሬን እያቀያየርሁ እንድዘረጋ አስተማሩኝ። በመጀመሪያው ቀን አለቀስሁ። በሦስተኛው ሳምንት በሁለት እጄ እኩል ውኃ ያለባቸው ቅሎች ይዤ ደጃቸውን እዞር ነበር፤ ውኃውም በየጥቂት ቀኑ ይጨመር ነበር። ቤቴ ተመልሼም ሳላቋርጥ ስለሠራሁት፣ ለገብስ እርሻ እርፍ ጨበጥሁ።

ወገብህን የያዘህ ወንድሜ፣ ወገብሽን የያዘሽ እህቴ፣ ሽንታችሁ እንቢ ካለ ወይም እግራችሁ ከደነዘዘ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ያለዚያ ግን ተኝታችሁ አትክረሙ። ጀርባችሁን ስታጠነክሩ ሆዳችሁንና ዳሌያችሁን አትርሱ፤ ቀኛችሁ የሠራውን ግራችሁም ይሥራው። ሸክም ስታነሱ ጉልበታችሁን እጠፉ። ሳይታመሙ ቢጀምሩት ደግሞ ይበልጣል፤ እኔን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም።

ጥሩነሽንና አያ ዳምጤን አመሰግናለሁ። ቃሬዛውን የተሸከሙት ጎረቤቶቼ ግን እኔን ሲያደርሱ ከመንገድ ሥራው በመቅረታቸው ተገርፈዋል። አንዳቸውም አልነገሩኝም። ያወቅሁት ድኜ አብሬያቸው አጨዳ ስወጣ፣ ፀሐዩ በርትቶ ሸማቸውን ሲያወልቁ ነው።