አራት ጣት ያጠረ እጅጌ

አክስቴ ሹራብ ሠሪ አይደለችም። ይህን ለሰው ማስረዳት ታክቶኛል። የምትሠራው እናቴ ናት፤ አክስቴ የሚለበስ ታደርገዋለች። ከመርፌ የወረደ ሹራብ እኮ የተኮማተረ፣ ጠርዙ የተጠቀለለ፣ ክሩ በየቦታው የተንጠለጠለ ነገር ነው። እሷ ለብ ባለ ውሃ ትነክረዋለች፤ ሳትጨምቅ በፎጣ ጠቅልላ ትጫነዋለች፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ ትዘረጋውና በሜትር እየለካች ዳር ዳሩን በስፒል ወጥራ ትይዘዋለች። ሲደርቅ ጎኑን ትሰፋለች፤ የክሩንም ጫፍ ሁሉ ከውስጥ ትደብቃለች። "ቆይ ወጥሬ ላሳይሽ" ማለት ስለምታበዛ ሰፈሩ "እመት ወጥሬ" ይላታል። ጠባይዋም ከስሟ አይርቅም፤ እርጥብ ሹራብ በአንድ ጣት የነካ ሰው አበሳውን ያያል።

አባቴ ከሞተ ወዲህ ሦስታችን አንድ ቤት ነን። እናቴ ታላቋ ስለሆነች መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር የእሷ ነው፤ አክስቴ ጓዳ ካለው ጠረጴዛ አትጠፋም።

ከካቻምና ጀምሮ ግን የእናቴ ዓይን ደከመ። እሷ "መነጽሩ ነው" ትላለች። የክሩ ቀለበት ከመርፌው ያመልጣታል፤ ረድፍ ትዘላለች። አክስቴ ያመለጠውን እየለቀመች፣ የተሳሳተውን እየተረተረች መልሳ ትሠራዋለች። ለካ መሥራቱንም ታውቅበታለች! እኔን "ትንፍሽ ብትዪ ምላስሽን ነው የምወጥረው" ብላኛለች። ሹራቡን የምትሸጥልን ባለሱቅ ታውቃለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እናቴ ብቻ አላወቀችም። እኔ ደግሞ ነገሩ ያንገበግበኝ ነበር።

"ለምን አትነግሪያትም?" አልኳት አክስቴን አንድ ቀን።

"መርፌውን ከእጇ ብነጥቃት ምን ይቀራታል?"



ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አክስቴ አንድ ሹራብ ዘርግታ ብትለካው ግራ እጅጌው ከቀኙ አራት ጣት አጥሯል። "ሁለት ጣት ቢሆን ስወጥረው ይመጣልኝ ነበር። አራቱን ከየት አባቴ ላምጣ?" አለች። የእጅጌውን ጫፍ ተርትራ መቀጠል ጀመረች። ትንሽ እንደሄደች እናቴ መነጽሯን ፍለጋ ጓዳ ገባች፤ እንደ ልማዷም ሹራቡን ዳበሰችው። ጣቷ እጅጌው ላይ ሄዶ ሄዶ አንድ ቦታ ቆመ።

"ይሄ የኔ እጅ አይደለም። ጠበቅ ብሏል።"

"ስወጥረው በጠስኩት፣ እትዬ" አለች አክስቴ ቶሎ ብላ። "ልጠግነው ብዬ ነው።"

እናቴ ሳቀች። "አንቺ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ክር ያልበጠስሽ ሴትዮ ዛሬ በጠስኩ ትይኛለሽ?"

አክስቴ ውሸት አያምርባትም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከካቻምና።"

እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም።

"አይ እኔ! ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ 'እጅሽ ይባረክ' ሲለኝ አሜን አሜን እላለሁ። ያንቺን ምርቃት ነው ለካ ስቀበል የከረምኩት።"

"ያንቺ ሆነ የኔ፣ ምን ልዩነት አለው?" አለች አክስቴ።

"አለው። እጅሽን አምጪ።"

ውሃ ያሻከረውን፣ ስፒል የበሳሳውን እጇን በሁለት እጆቿ ያዘችው።

"እጅሽ ይባረክ፣ እህቴ።"

ለሁሉም ነገር መልስ የማታጣው አክስቴ አንድ ቃል አልወጣትም። እኔማ አልቅሻለሁ፤ አልክድም።

ቆይታ እናቴ የሹራብ መርፌዎቿን ከኪሷ አወጣችና አክስቴ ፊት አኖረቻቸው። እኔ "በቃ፣ መሥራቱን ተወችው" አልኩ በልቤ። እሷ ግን ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

"በይ አንቺ እጅጌውን ጨርሺ። ስፒሉን ወዲህ በይው፤ ጠርዙ ቀጥ ማለቱን ጣቴ ይነግረኛል፤ ለዚህ ለዚህ ዓይን አያስፈልገኝም።"

አክስቴ የስፒሉን ቆርቆሮ ገፋ አደረገችላት። እናቴ የቀኙን እጅጌ ጠርዝ በአውራ ጣቷ እየተከተለች አንድ ስፒል ሰካች፤ ቀጥላ ሌላ። አክስቴ ሜትሩን አንስታ ለካችው። ልክ ነበር።

"አሜን" አለች ያን ጊዜ።