አጥሚቱን የጠጣነው እኛ ነን

እትዬ ፀሐይወርቅ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ከገቡ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ዎርዝንግተን በሚባል ሰፈር ቢሮ ያጸዳሉ። ያገራቸው ልጅ ወለደች ከተባለ ግን ዘመድ ሆኑ አልሆኑ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ሱዳን በስደት ሳሉ ሲወልዱ የሚያርሳቸው ሰው አልነበረም፤ ወተታቸው በሦስተኛው ሳምንት ነጠፈ። ያ ቁጭት እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም።

ባለፈው ጥቅምት ጎረቤቴ ሮሃ ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ ብዙነህ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፣ እናቷ አገር ቤት ናቸው። እትዬ ፀሐይወርቅ በየማለዳው ወደ ሥራ ሲሄዱ የአጃ አጥሚት በትልቅ ፔርሙዝ ሞልተው ያደርሱላታል። አብሹንም፣ የክሊኒኩ ነርስ ትጠየቅ ብለው አስጠይቀው፣ ምሬቱ እስኪወጣ ዘፍዝፈው፣ በማር መትተው ያመጣሉ።

ሆኖም ሦስት ሳምንት ሲሞላት ሕፃኗ ቢታንያ ክብደት አልጨመረችም። ሐኪሙ ለሚቀጥለው ሐሙስ ቀጠረና፣ ያኔም ካልጨመረች የዱቄት ወተት እንጀምርላታለን አለ። ሮሃ በጡቷ ብቻ ላሳድጋት ብላ ቆርጣ ነበርና አለቀሰች። እትዬ ፀሐይወርቅም ግራ ገባቸው። ፔርሙዙ በየቀኑ ባዶ ይመለሳል፤ ታዲያ ምን ጎደለ?

ቅዳሜ ከሰዓት ፔርሙዛቸውን ሊወስዱ ቢገቡ ሳሎኑ በጠያቂ ተሞልቷል። ሁላችንም ኩባያ ይዘናል። አራሷ ቆማ ትቀዳለች። ሕፃኗ እኔ ጭን ላይ ሆና ጣቷን ትጠባለች።

አልዋሽም፣ ሦስተኛ ኩባያዬ ነበር። ሮሃ “እኔ ጠጥቻለሁ” ስትለን አምነናት ነበር። ለካ ሰሞኑን ሁሉ እንዲህ ነው የከረመችው። ከሥራ የወጣ ሁሉ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ሊል ይመጣል፤ እሷ ሰው ፊት ማጥባት ታፍራለች፣ እንግዳ ጥሎ መኝታ ቤት መግባትም ነውር ይመስላታል። ይሉኝታ ልጅቷን አስራባት።

እትዬ ፀሐይወርቅ ኩባያዬን ከእጄ ወሰዱ።

“ብሩክታዊት፣ አብሽ ያግዛል እንጂ ብቻውን ወተት አያመጣም። ወተት የሚመጣው ልጅቷ ስትጠባ ነው። በሉ፣ የጠጣችሁትን ሥሩበት።”

ከጠያቂዎቹ አንዱ ሲሞን ዕቃ አጠበ፣ እኔ የልጅ ልብስ። ሮሃ ልጇንና አጥሚቷን ይዛ መኝታ ቤት ገባች፣ በሩም ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ የመጣ ሁሉ ምግቡን በር ላይ እያስቀመጠ ተመለሰ፤ አንዳንዱ አኩርፏል፣ ያኩርፍ። ሮሃ በላች፣ ተኛች፣ ልጅቷ በፈለገች ቁጥር አጠባች።

ሐሙስ እትዬ ፀሐይወርቅ ከሥራ ፈቃድ ወስደው ክሊኒክ አብረዋት ሄዱ። ቢታንያ ሚዛን ላይ ወጣች፦ ዘጠኝ አውንስ፣ ሩብ ኪሎ ያህል ጨምራለች። ሐኪሙ፣ የዱቄት ወተቱ ይቅር፣ በዚሁ ቀጥሉ አለ። ሮሃ ከክሊኒኩ በር ኮል አደረገችኝ፤ ደስታዬ ወሰን አጣ፣ ሥራ ቦታዬ ላይ እልል አልኩ።

ማታ ስንሰበሰብ አጥሚቱን የሠራችው ሮሃ ራሷ ነበረች። የመጀመሪያውን ኩባያ በሁለት እጇ ለእትዬ ፀሐይወርቅ ሰጠች። ለስንቱ አራስ ሠርተዋል፤ ለእሳቸው ሠርቶ የሰጣቸው ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም። ቀስ ብለው ጠጥተው ጨረሱና ኩባያውን መልሰው ዘረጉ።

“ድገሚኝ” አሉ።